አሸዋ ላይ የወጣ ደቦ

ልጄ ራሔል ከጃፓን ቪዲዮ ላከችልኝ። ለምርምር የሄደችበት ዩኒቨርሲቲ መሀል ከተማው ጠቦት ወደ ዳርቻ ወጥቷል፤ ከሩዝ ማሳው በላይ ያለውን ኮረብታ እየደለደለ ቤተ ሙከራ ይሠራል። ማሽኑ አፈሩን ሲገለብጥ ሳይ እኔን የሸተተኝ ያደግሁባት የእስራኤሏ የባሕር ዳር ከተማ፣ የአሽዶድ እርጥብ አሸዋ ነው።

ልጆች ሳለን ከሰፈራችን ከሮቫ ዩድ ወጣ ሲሉ አሸዋ ብቻ ነበር። ካርቶን ላይ ተቀምጠን ከጉብታው እንንሸራተታለን፤ ማታ እናቶቻችን ከጆሯችን ሳይቀር አሸዋ ያራግፋሉ። አንድ ዓመት ታላቅ እህቴን አስቴርን አንድ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ተቀበላት። አባቴን ኩራትና ፍርሃት አንድ ላይ ያዙት። በእሱ አገር ልጃገረድ ከቤት ርቃ የምታድረው ስትዳር ነው። «ትምህርት ቤቱ ለምን ወደኛ አይመጣም?» ይል ነበር። ታዲያ አንድ ቀን፣ በሰሜኑ የኢንዱስትሪ ቀጠና ዕቃ ሲጭን፣ «አሸዋው ላይ ዩኒቨርሲቲ ሊሠራ ነው» የሚል ወሬ ሰማ። ሰው የተመኘውን ሲነግሩት ምስክር አይጠይቅም።

ሌላ አባት ቢሆን ጋዜጣ ያገላብጥ ነበር። የእኔ አባት ደቦ ጠራ። ጎንደር እያሉ ጸሎት ቤቱም ትምህርት ቤቱም የሚቆመው በጎረቤት ጉልበት ነበር፤ ያልቆፈረ ልጁን ለማስገባት ያፍራል። ዓርብ ጠዋት የሰፈሩ ሽማግሌዎች አካፋ ይዘው፣ እኛ ልጆች እናቴ የጋገረችውን ዳቦ ተሸክመን ወጣን።

«አያ ታከለ፣ መሠረቱን ጠለቅ ያርጉት፤ መጽሐፍ ይከብዳል!» አለ አባቴ።

«አንተ ደግሞ መጽሐፍ የት ተሸክመህ ታውቃለህ?»

«ልጄ ትሸከማለቻ!»

የግንባታው ዘበኛ፣ አንድ ሞሮኳዊ ሽማግሌ፣ በዕብራይስጥ እየጮኸ መጣ። አስቴር ለሽማግሌዎቹ ተረጎመችላቸው፤ እዚህ የሚሠራው መኖሪያ ሕንፃ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ የሚባል ነገር የለም። ይስቅብናል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ለምን እንደመጣን ከሰማ በኋላ አጠገባችን ተቀምጦ ከዳቦው ቆረሰ። «የእኔም ልጆች ሩቅ ናቸው» አለ።

አባቴ ጉድጓዱን ማንም እንዲያግዘው ሳይፈልግ መልሶ ደፈነው። ከዚያ አካፋውን አራገፈና፣ «እንግዲህ ሂጂ ልጄ። እኔስ ሞክሬ ነበር» አላት።

ይህን ያጫወትኳቸው ምሁራን ወዳጆቼ «የዋህ ሰው!» ይላሉ። አልስማማም። ስለ ትምህርት ብዙ ጥራዝ አንብቤአለሁ፤ ልጅ ከአባቷ እንዳትለይ ብሎ መሠረት የቆፈረ ሚኒስትር ግን አላጋጠመኝም።

ትናንት ራሔል ደወለች። አዲሱ ቤተ ሙከራ ሲያልቅ ቋሚ ሥራ ሊሰጧት ነው። «አባዬ፣ እዚሁ ልቅር እንዴ?» አለችኝ። «ደስ ያለሽን አድርጊ» አልኳት፣ በሠለጠነ ሰው ድምፅ። አባቴ «ሂጂ» ያለው ጠዋቱን ሙሉ ቆፍሮ፣ ላቡ ከወጣለት በኋላ ነው። ለእኔ የሚቆፈር አሸዋ እንኳ አልተረፈልኝም፤ ከሰገነቴ እስከ ባሕሩ ድረስ ሁሉም ሕንፃ ሆኗል።