ፈረሱ ያቋረጠው ቃል

እንግራሲያ በመርፌዋ ጫፍ የከሰለውን ክር አንድ በአንድ እየለቀመች ታወጣለች። ሸሚዙ ጉልበቷ ላይ ተዘርግቷል። በግራ ደረቱ በኩል ዙሪያው የጠቆረ ቀዳዳ አለ፤ ከሸሚዙ ስር የሚቀብሩት ትንሽ ባሩድ ሲፈነዳ የሚያደርሰው ነው። የከሰለው ተለቅሞ ካልወጣ መጣፊያው አይይዝም፤ ቢይዝም ከአንድ እጥበት አያልፍም። ደም ተብሎ የሚረጨው ቀለም ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ካልሆነ አይለቅም። ሙቅ ውሃ ያገኘው ቀለም ለዘላለም እዚያው ይቀራል።

ከሮማም ከማድሪድም የሚመጡት የፊልም ሰዎች በታቤርናስ መንደር ዙሪያ ባለው ደረቅ ወንዝ የካውቦይ ፊልም መሥራት ከጀመሩ ወዲህ የእንግራሲያ ኑሮ ይኸው ነው። ሰኞ የኩባንያው መኪና የተቀዳደደ ልብስ የሞላበት ጆንያ ያወርድላታል፤ ሐሙስ ጠዋት መጥቶ የተጠገነውን ይወስዳል። ልብስ ግን አይጨመርም። ገንዘብ የላቸውም። አንዱ ሸሚዝ ዛሬ ሽፍታ ለብሶት ይሞታል፣ በሳምንቱ ገበሬ ለብሶት ይሞታል፣ ከዚያ አንገትጌውን ገልብጣ ስትሰፋው የባንክ ጸሐፊ ይሆንና እሱም ይሞታል።

ባሏ ሂኔስ በሕይወት ሳለ እሑድ እሑድ ማታ አብረው ወደ ሲኒማው ይሄዱ ነበር። ሲኒማው ጣራ የሌለው ግቢ ነው። በኖራ የተለሰነ ግድግዳ፣ የእንጨት ወንበሮች፣ እግር ስር የሱፍ ፍሬ ቅርፊት። እንግራሲያ እነዚያን ፊልሞች ትወዳቸው ነበር። ክፉው ሰው ገና ከበር ሲገባ ክፉ መሆኑ ይታወቃል፤ ማንም እንዲነግራት አያስፈልግም። ፊልሙ ሳያልቅ ደግሞ የእጁን ያገኛል። በታቤርናስ የሰው መስኖ ውሃ ወደ ራሱ እርሻ የጠለፈ ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባርኔጣ እየተነሳለት ኖሮ፣ አልጋው ላይ ሞቶ፣ በደወል ተቀብሯል። ስለዚህ ባለ ነጩ ፈረስ ጎረምሳ ሽጉጡን ሲመዝ እንግራሲያ የወንበሩን ጠርዝ ጨምድዳ ትይዝ ነበር።

ግን ትበሳጫለች። ወንዙ ዳር የሞተው ሽፍታ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወታደር ሆኖ ይመጣል፤ እሷ በመጣፊያዋ ታውቀዋለች። የሬሳው ክንድ ላይ የእጅ ሰዓት ያብለጨልጫል። ፈረሰኞቹ በሚጋልቡበት አሸዋ ላይ የመኪና ጎማ መንገድ አለ። ሁለት ሰዎች ቆመው ሲነጋገሩ የአንዱ ጥላ ወደ ምሥራቅ፣ የሌላው ወደ ምዕራብ ይወድቃል።

«እይ፣ ያቺን መጣፊያ እይ» ትላለች እያንሾካሾከች። «ለሽፍታው የሰፋሁት ሰደርያ ዳኛው ላይ ምን ይሠራል?»

«አንቺ ሴት» ይላታል ሂኔስ፣ «ፊልም ልታዪ መጣሽ ወይስ ስፌት ልትቆጣጠሪ?»

ሂኔስ ራሱ የሚሠራው እዚያው ነበር። ፈረስ ይጠብቃል፣ ሰው ሲጎድል ደግሞ ይሞታል። ስንት ጊዜ እንደሞተ ቁጥሩን ከተወ ቆይቷል። ሁልጊዜ የሚወድቀው በግንባሩ ስለሆነ ፊቱ ታይቶ አያውቅም።

የእነዚያ ፊልሞች ሌላው ጉዳይ ድምፅ ነው። ሲቀረጹ ማንም የሚናገረውን የሚሰማ የለም፤ ድምፁ በኋላ ማድሪድ በሌላ ሰው አፍ ይለጠፍበታል። ስለዚህ የአገሩን ሰው «አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልክ ቁጠር» ይሉታል። ሕዝቡ ግቢው ውስጥ ተቀምጦ የሚሰማው «ፀሐይ ሳትጠልቅ ከዚህ ከተማ ውጣ» የሚል ወፍራም ድምፅ ነው። ጫማ ሰፊው ፍራስኪቶ ግን ያን ጊዜ በሳቅ ከወንበሩ ሊወድቅ ይደርሳል። ፍራስኪቶ ከልጅነቱ ጀምሮ ደንቆሮ ነው፤ የሰው ወሬ የሚያውቀው ከንፈር አይቶ ነው። ሰውዬው «ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ጫማው ቆረጠኝ» ማለቱን ያየ እሱ ብቻ ነው። በማግስቱ መንደርተኛው ሱቁ ደጃፍ ተሰብስቦ እውነተኛውን ንግግር ያስነግረዋል። ይህን ያወቁ ሠራተኞች ቁጥሩን ትተው የልባቸውን ይናገሩ ጀመር። አንዱ አማቱን ሰድቦ ቤቱ ሳይገባ ከርሟል።

አንድ ቀን ሂኔስ ደስ ብሎት መጣ። ጋጣ ጠባቂ ሆኖ ባለ ነጩን ፈረስ ጎረምሳ እንዲያናግር ሰጥተውት ነበር። ፊቱ ወደ ካሜራ፣ አፉ ክፍት፣ እስከ ፊልሙ ማብቂያም የማይሞት።

«ቆጠርክ?» አለችው።

«አልቆጠርኩም። ለአንቺ አንድ ነገር ተናገርኩ።»

«ምን አልክ?»

«ፊልሙ ሲመጣ ፍራስኪቶ ይነግርሻል።»

«አሁን ንገረኝና ልረፍ።»

«አሁን ከነገርኩሽማ ለምን ካሜራ ፊት ቆሜ ሲያልበኝ ዋለ?» ብሎ ሳቀባት። በየካቲት ሳንባ ምች ያዘውና ከሳምንት በላይ አልቆየም።

ፊልሙ የመጣው ከዓመት በላይ ቆይቶ በነሐሴ ነው። እንግራሲያ ከምንጭ ስትመለስ ማስታወቂያው የሲኒማው በር ላይ ተለጥፎ አየችው። ከል እንደለበሰች ነች። ለባል ከል አምስት ዓመት ነው። ሬዲዮው ጨርቅ ለብሷል፣ መስኮቱ ገርበብ ብሏል፣ ሠርግና አደባባይ አይታሰብም። ሲኒማማ እንኳን መግባት፣ በደጁ ሲያልፉ ቀና ማለትም ነውር ነው። ይህን ሕግ የምታስጠብቀው የሂኔስ ታላቅ እህት ኦብዱሊያ ናት። ከእንግራሲያ ጋር በአንድ ግቢ ትኖራለች፤ እሷም ለወንድሟ ከል ለብሳለች።

«እትዬ ኦብዱሊያ፣ የሂኔስ ፊልም መጥቷል» አለቻት።

«ሰምቻለሁ።»

«ከኋላ ቆሜ እሱን ብቻ አይቼ ብወጣስ?»

«ባልሽን መቃብር ላይ ነው የምትጎበኚው። ሰው ምን ይላል? ‹ከሉ ሳይደርቅ የሱፍ ፍሬ ልትቆረጥም ሄደች› ይሉሻል። እኔንም ይጨምሩኛል።»

«ሰው የሚለው ይመግበኛል?»

«እንዲህ ብለሽ ነው የምትጀምሪው» አለችና ኦብዱሊያ ወደ ጓዳዋ ገባች።

እንግራሲያ ወደ ፍራስኪቶ ሱቅ ሄደች። እንዲያያት ፊት ለፊቱ ቆማ ቀስ ብላ ነገረችው። «ዛሬ ከፊት ተቀመጥልኝ። ሂኔስ ጋጣው በር ላይ ሲቆም አፉን እይልኝ። አይንህን እንዳትነቅል።»

«ጺም አብቅሎ ነበር?» አለ ፍራስኪቶ። «ጺም ያስቸግረኛል።»

«ተላጭቶ ነበር። እኔ ነኝ የላጨሁት።»

ማታ ፀሐይ እንደገባች እንግራሲያ ጠፍጣፋው ጣራ ላይ የተሰጣውን በለስ ከጤዛ ልትሸፍን ወጣች። በለሱን ሸፈነች፤ አልወረደችም። ከዚያ ጣራ የሲኒማው ግድግዳ ይታያል፤ ነገር ግን የዘይት መጭመቂያው ጭስ ማውጫ ቀኝ ግማሹን ይጋርደዋል። እስከዚያ ቀን ልብ ብላው የማታውቀውን ጭስ ማውጫ ጠላችው።

ብዙም ሳይቆይ የኦብዱሊያ ጫማ በደረጃው ተሰማ።

«በለሱ ይህን ያህል ጊዜ ፈጀ?»

«እየሸፈንኩ ነው።»

ኦብዱሊያ የተሸፈነውን በለስ አየች፣ ወደ ግድግዳው አየች። ቆማ ቆየችና «ቁጭ በይ፣ ቆመሽ ሰው ያይሻል» አለች። እሷም ጥቁር ሻሿን እስከ ቅንድቧ ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

ግማሽ ፊልም አዩ። የሚተኩሰውን ያያሉ፣ የሚወድቀውን አያዩም። የፊልሙ ሴትዮ ለጭስ ማውጫው ስታለቅስለት ቆየች። ከተማው ቴክሳስ ውስጥ ነው ተባለ፤ ከበስተጀርባው ግን ኦብዱሊያ በልጅነቷ ፍየል የጠበቀችበት ኮረብታ ቆሟል።

«ክፉው የቱ ነው?» አለች ኦብዱሊያ።

«ባለ ጥቁር ጓንቱ።»

«በምን አወቅሽ?»

«ውሻውን ረገጠዋ።»

«እግሩ ይሰበር» አለች ኦብዱሊያ፣ ከዚያ ወዲያ አይኗን አልነቀለችም።

ነጩ ፈረስ ራሱን እየነቀነቀ ሲያሽካካ አሳዩ። ያንኑ ፈረስ በዚያው አኳኋን ቀደም ብለውም አሳይተውት ነበር። ከዚያ የጋጣው በር መጣ። እንግራሲያ ተነስታ ቆመች፤ የሚያያት ሰው መኖሩን ረሳች። ከጭስ ማውጫው ጫፍ ልጓም የያዘ እጅ ብቻ ወጥቶ ይታያል። የአውራ ጣቱ ጥፍር ጥቁር ነው፤ በር የቀጠቀጠው የሂኔስ ጥፍር።

«እሱ ነው» አለች ኦብዱሊያ በቀስታ።

ድምፅ ተሰማ። ከደረት የሚወጣ፣ በአዳራሽ ውስጥ እንደሚናገር ጳጳስ የወፈረ የማድሪድ ሰው ድምፅ። «ፈረስህ ደክሟል፣ ባዕድ» አለ። ሂኔስ ድምፁ ቀጭን ነበር፤ በወለቀው ጥርሱ በኩል ያፏጫል። እጁ የሂኔስ ነው፣ ንግግሩ የማያውቁት ሰው። ከዚያ ነጩ ፈረስ ለሦስተኛ ጊዜ ራሱን ነቀነቀ። ሂኔስ ከጭስ ማውጫው ወደ ግራ ሲወጣ ጀርባውን ሰጥቷቸው ነበር። ሰደርያው ላይ እሷ ከአሮጌ ሱሪው ቆርጣ የጣፈችው ቡናማ መጣፊያ ይታያል። ጋጣው ጨለማ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። ቆይቶ ባለ ጥቁር ጓንቱ ያንኑ ሰደርያ ለብሶ መጣ።

«ፊቱስ?» አለች ኦብዱሊያ። «ፊቱን አያሳዩንም?»

እንግራሲያ ግድግዳውን ማየቷን ቀጠለች።

በማግስቱ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ፍራስኪቶ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ እንደ ልማዱ እየጮኸ ነው የሚናገረው። ኦብዱሊያ ፈጥና አስገባችውና ጎረቤት እንዳይሰማ በሩን ዘጋች።

«ስምሽን ጠራ» አለ። «‹እንግራሲያ› አለ። ቀጥሎ ‹ዛሬ ማታ› አለ።»

«ዛሬ ማታ ምን?»

«ከዚያ ፈረስ።»

«የምን ፈረስ?»

«ነጩ ፈረስ ነዋ። ገና ‹ዛሬ ማታ› ሲል ፈረሱን አመጡት። ወደ ሂኔስ ሲመለሱ አፉን ገጥሞ ነበር። ከዚያ ጀርባውን ሰጠ።» ባርኔጣውን በእጁ አዞረው። «አይኔን አልነቀልኩም እንግራሲያ። በልጆቼ ስም።»

«ፈረሱስ ምን አለ ታዲያ?» አለች እንግራሲያ።

ፍራስኪቶ ከንፈሯን አይቶ ቀልድ ይሁን አይሁን ስላልለየ ኦብዱሊያን አያት።

ከሄደ በኋላ ኦብዱሊያ «‹ዛሬ ማታ ሚጋስ ሥሪልኝ› ብሎ ይሆናል» አለች። «ወንድሜን አውቀዋለሁ፣ ዳቦ ፍርፍር በነጭ ሽንኩርት ካገኘ ሌላ አያምረውም።»

«ለሚጋስ ብሎ ካሜራ ፊት ስሜን አይጠራም።»

«ይጠራል። ሆዳም ነበር።»

እንግራሲያ ያን ቀን ማታ ምን እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረች። የሠራተኞቹ መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ አምሽቶ ነው የመጣው። ምግቡ ቀዝቅዞ ነበር፣ እሷም ተቆጥታ ነበር። በልቶ ተኛ። ሊል ያሰበው ነገር ሚጋስም ይሁን ሌላ፣ ያን ማታ አልተደረገም። እነዚያ ሰዎች ግን አንድ ተራ አፍ ለማሳየት የሚሆን ፊልም አልተረፋቸውም፤ ለፈረሱ ሦስት ጊዜ ተርፏቸዋል። ፈረሱ ምን ያደርጋል፣ አልናደድበትም አለች በልቧ። ተናደደችበት።

ጆንያው በሩ አጠገብ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ውስጡን ፈተሸች። ሰደርያው ከታች ነበር፤ ከሰኞ ጀምሮ እዚያው ነበር። በግራ ደረቱ በኩል አዲስ ቀዳዳ ተከፍቶበታል፤ ቡናማው መጣፊያ ግን እንዳለ ነው። ቀዳዳውን ልትጥፍ ክር አልሳበችም። መቀሷን አነሳችና የራሷን ስፌት ከመጣፊያው ጠርዝ መፍታት ጀመረች፣ ቀስ ብላ፣ ጨርቁ እንዳይቀደድ እየተጠነቀቀች። የሂኔስ ሱሪ ጨርቅ ነው፤ የእነሱ አይደለም።

መኪናው መንገዱ ዳር ቆሞ ጥሩምባ ነፋ።

«መጥተዋል» አለች ኦብዱሊያ ከበሩ። «ጆንያውን አትሰጪም?»

«አልሰፋሁትም።»

«ምን ልበላቸው?»

እንግራሲያ ሌላ ስፌት ቆረጠች። ሹፌሩ ደጋግሞ ጥሩምባውን ነፋ። ኦብዱሊያ ጆንያውን አየች፣ እንግራሲያን አየች፣ ከዚያ ሻሿን ስባ በሩን ገርበብ አደረገችው። ቆይቶ መኪናው ያለ ጆንያው ወደ ደረቁ ወንዝ ወረደ።