ቅባት ለካቴናው ብቻ

ባለፈው ሳምንት ሰላማዊት የምትባል የሰፈራችን ልጅ ቢስክሌቷን እየገፋች ግቢዬ ድረስ መጣች። ባሕር ዳር ቢስክሌት ያለው ሰው ሁሉ መጨረሻው እኔ ዘንድ ነው። ዕድሜዬን ጎማ ስለጥፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሱቁን ከዘጋሁ በኋላም አልተዉኝም። የሷ ቢስክሌት እንደኛ ዘመኑ አይደለም። ጎማው የጣት ውፍረት የለውም፤ ሕፃን እንኳ በአንድ እጁ ያነሣዋል። ዋጋውን ሳልጠይቃት ነገረችኝ፤ ባልሰማው ይሻለኝ ነበር።

«ጋሽ ውብሸት፣ ከጓደኞቼ ጋር በደብረ ታቦር በኩል ጋይንት ልንሄድ ነው። ምን ምን ልያዝ?» አለችኝ።

ምክር የሚጠይቀኝ ካገኘሁ አፌ አይዘጋም። ለጎማሽ ውስጥ ትርፍ ካላማዳሪ፣ መንፊያ፣ ማስቲሽና መለጠፊያ ያዢ አልኳት። የጉና ብርድ ጣት ያደነዝዛል፤ ጣቱ የደነዘዘ ሰው ደግሞ ፍሬን አይጨብጥም፣ ስለዚህ ጓንት አትርሺ። ኮርቻሽ ዝቅ ካለ ጉልበትሽን ይበላዋል። ብስኩቱን ተይውና በሶ ቋጥሪ፤ ውሃ ካገኘሽ ምሳ አገኘሽ ማለት ነው። የገጠር ውሻ ከተነሣብሽ ለመሮጥ አትሞክሪ፤ ውረጅና ቢስክሌቱን በመካከላችሁ አድርጊው። ይህን ሁሉ ስለፈልፍ አውራ ጣቴ የጎማውን ብረት፣ ፍሬኑ የሚነክሰውን ጠርዝ፣ ዙሪያውን ይዳስስ ነበር። ከዚያ ጣቴን አሸተትኩት።

«ቆይ ግን፣ የሁሉንም ሰው ቢስክሌት የሚያሸቱት ለምንድን ነው?» አለች እየሳቀች።

«ልማድ ነው» አልኳት። ልማድም ነው። ልማዱ ከየት እንደመጣ ግን አልነገርኳትም፤ መንገደኛ እንዲህ ያለ ወሬ ሰምቶ አይነሣም።

ያደግሁት ስማዳ ከእስቴ በሚዋሰንበት ደጋ ላይ ነው። ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት፣ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ደጃፍ ላይ ተኝቶ የሚገኝበት አገር ነው። ጨው ሲያልቅብን ወገዳ እንወርዳለን፤ ሰፋ ያለ ገበያ ያማረው አህያውን እየነዳ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ድረስ ይሄዳል። ዘመኑ የጃንሆይ ነበር። መንገድ የምንለውም በቅሎና ጎርፍ ተባብረው የጠረጉትን ነው። እናታችን ቀደም ብላ አርፋ ነበርና ቤቱ የአባየ፣ የታላቅ ወንድሜ የደሳለኝና የእኔ ነበር።

አባየ ፍቅራቸው አፋቸው ላይ አልነበረም። ሰው ሲወዱም የታመመ በሬ እንደሚያስታምሙት ነው፤ ዝም ብለው። ደሳለኝ በጎረምሳነቱ እርፉን እማሳው ላይ ትቶ አሥመራ ሲጠፋባቸው ያው ዝም አሉ። ዓመታት አልፈው፣ ቀን ቀን ቢስክሌት ጠጋኝ ቤት እየሠራ ማታ ማታ ተምሮ፣ ወገዳ ለተከፈተው ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኖ ሲመጣ በወጉ ተቀበሉት፤ ከአንድ ገበታም በሉ። ልባቸው ግን እንዳልተመለሰ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከአሥመራ ያመጣውን ንብረቱን፣ ጥቁሯን ቢስክሌት፣ ዞር ብለው አላዩለትም። አንድ ቀን ወንዝ ሲሻገር በትከሻው ተሸክሟት ቢያዩት ጊዜ «ጌታው የሚሸከመው በቅሎ ገና ዛሬ አየሁ» አሉ። ጎረቤት ሁሉ ሳቀ። ደሳለኝም አብሮ ሳቀ፤ እንደጎዳው ግን አይቻለሁ።

ግንቦት ሲገባ አባየ የእርሻ ዕቃቸውን ከማገር ላይ ያወርዳሉ። ቀንበሩን ከሞፈሩ የሚያስረው ምራን፣ ጅራፉ፣ የበቅሎው ኮርቻ፣ ቆዳ የሆነ ነገር ሁሉ በበጋው ፀሐይ ደርቆ ይከርማል። ለፋሲካ ከታረደው በግ የተቀመጠውን ሞራ ያቀልጡና በጨርቅ እየነከሩ፣ በእጃቸው እያሹ ያጠጡታል። ይህን ያላደረገ ገበሬ ሰኔ ላይ ምራኑ ተበጥሶበት በሬውን ፈትቶ ይመለሳል፤ መሳቂያም ይሆናል። ቤታችን ከሞራ ሽታ ጋር የሚታረቀው በዚያ ወር ነው። ለአባየ ዕቃን መውደድ ማለት ሞራ ማጠጣት ነበር።

አንድ ዓመት ለግንቦት ልደታ ደሳለኝ ከወገዳ መጣ። ንፍሮው ውጭ ተቀቅሎ፣ ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ ተበልቶ ተጠጥቶ ተዋለ። በማግሥቱ ማለዳ በሬዎቹን ላወጣ ብነሣ አባየ ከሁላችንም ቀድመው ተነሥተዋል። ቢስክሌቷን ታዛው ሥር ገልብጠው፣ የሞራውን ገል አጠገባቸው አኑረው ጎንበስ ብለዋል።

«ምን እያደረጉ ነው አባየ?»

«ጎማው ተሰነጣጥቋል፣ ፀሐይ በልቶታል» አሉ ቀና ሳይሉ። «ይሄ ልጅ ዕቃ መያዝ አያውቅም።»

ኮርቻውን አሹት። ጎማውን አሹት። ጎማው የተቀመጠበትን ብረት ዙሪያውን አዳረሱት። ከብረቱ ግራና ቀኝ ያሉትን ትናንሽ የጎማ ቁራጮች ሳይቀር «እነዚህማ ጭራሽ ድርቅ ብለዋል» እያሉ ደጋግመው አጠጧቸው። ከዚያ ልብሱን እንዳያቆሽሽበት በደረቅ ጨርቅ ወለወሉት። ደሳለኝ ሜዳ ላይ መንዳት ቢያስተምረኝም፣ ስለ ቢስክሌት አያያዝ የማውቀው ከእሳቸው አይበልጥም ነበር። የገባኝ ነገር ቢኖር አባየ ከልጃቸው መታረቃቸው ነው፤ ደስ ብሎኝ ቆሜ አየሁ።

ደሳለኝ ተማሪዎቹን ሊፈትን ነበርና እየተጣደፈ ወጣ። ኮርቻው እያበራ ሲያየው ቆመ። አባየን አያቸው።

«አጠጣሁልህ» አሉት አባየ። «በል ሂድ፣ እንዳይመሽብህ።» ፀሐይ ገና መውጣቷ ነበር። ደሳለኝ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳማቸው፤ እሳቸውም እጃቸውን ራሱ ላይ አሳረፉ። እንዲህ ሲያደርጉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እስከ ጋራው አናት ሸኘሁት። ከቤታችን እስከዚያ ዳገት ስለሆነ ቢስክሌቷን ተጋግዘን ነው የገፋናት። መንገዱን ሙሉ የሚያወራው ስለ ፈተናው አልነበረም። «ቀቡልኝ እኮ፤ አየህ?» ይለኛል። ትንሽ ይሄድና ደግሞ «ቀቡልኝ እኮ» ይላል። ወንድሜን እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አላየሁትም።

ከአናቱ ወዲያ የወይራው ቁልቁለት ነው። ረጅም ነው፤ መጨረሻው ላይ ወደ ግራ ይጠመዘዝና ከመጠምዘዣው ሥር ገደል አለ። ደሳለኝ ስንት ጊዜ ወርዶታል። ተሰናብቶኝ ተቀመጠና ለቀቃት። ቆሜ አየዋለሁ። መሐል ላይ ሲደርስ ጀርባው ሲወጠር፣ ሁለት እጁ ፍሬኑን ሲጨብጥ ታየኝ። ቢስክሌቷ ግን ጭራሽ ፈጠነች። መጠምዘዣው ላይ አልተጠመዘዘችም።

እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ድንጋይ ላይ በጎኑ ወድቆ አገኘሁት። ደም ብዙ አልነበረም፤ ሆዱን ግን ይዞ ነበር፤ ከንፈሩ አመድ መስሏል። ቢስክሌቷ ከአጠገቡ ወድቃ የፊት ጎማዋ ይሽከረከራል። እጁን ዘርግቶ ብረቱን ነካ፤ ጣቱን ወደ አፍንጫው ወሰደ። ዓይኑን ጨፈነ።

«ሞራ ነው» አለኝ። «ቅባት ለካቴናው ብቻ ነው፤ ፍሬን ቅባት ከነካው አይዝም። አልነገርኳቸውም። እንዴት አልነገርኳቸውም?»

ሰው ልጥራ ብዬ ስነሣ ነጠላዬን ያዘው።

«መጀመሪያ ጥረገው። አባየ እንዳይሰማ። አንተም አትንገራቸው፣ ማንም አይንገራቸው። ሳይሰሙ ይሙቱ።»

በአፈር ጠረግሁት፣ በቅጠል ጠረግሁት፣ በነጠላዬ ጠረግሁት። ወንድሜ እያቃሰተ፣ እኔ ብረት ስወለውል፤ ያቺን ሰዓት እግዜር ለጠላቴም አይስጥ። ከዚያ ጮህኩ፤ ሰው ወጣ። በቃሬዛ አድርገን ወደ ቤት መለስነው። ወጌሻው መጣና ደረቱን፣ ጎኑን፣ ሆዱን ዳሰሰው። «አጥንቱ ደኅና ነው፤ ይሄ የኔ ሥራ አይደለም» ብሎ ወደ ደጅ ወጣ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። የንስሐ አባታችን ደርሰውለት አረፈ።

የለቀስተኛው ወሬ ብዙ ነበር። አንዱ የሰው ዓይን ነው አለ፤ አንዱ ብረት ላይ ተቀምጦ ማን በሰላም ይገባል አለ። እኔን ሲጠይቁኝ «ድንጋይ አደናቀፈው» እላለሁ። አባየ ምንም አልጠየቁኝም። ሰልስቱ ወጥቶ ሰው ሲበተን ግን ታዛው ሥር ጠሩኝ። ቢስክሌቷን ግድግዳው ላይ አስደግፈዋት ፊት ለፊቷ ተቀምጠዋል።

«ያን ቀን ቸኩዬ ነበር» አሉ። «ሞራው አላዳረሰም። የኋለኛውን እግሯን በደንብ አላጠጣሁትም መሰለኝ። ደርቆ ነው የከዳው።»

አፌ ድረስ መጣ። ቃሉ አፌ ድረስ መጣ። ብናገር ደግሞ ልጃቸውን በገዛ እጃቸው እንደገደሉ ሊያውቁ ነው፤ ዝም ብል ስላልሠሩት ጥፋት ዕድሜ ልካቸውን ሊጸጸቱ ነው። ደሳለኝ የመረጠላቸውን መረጥኩላቸው። «አይደለም አባየ፣ ድንጋይ ነው» አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አላመኑኝም።

ከዚያ ወዲህ ግንቦት በመጣ ቁጥር ምራኑና ጅራፉ ከማገር ሲወርዱ ቢስክሌቷም ከጎተራው ጀርባ ትወጣለች። አባየ ከማንም ዕቃ አስቀድመው እሷን ያጠጣሉ። ምንም ቦታ አይቀራቸውም፤ ብረቱን፣ ጎማውን፣ እነዚያን ትናንሽ ጥቁር ጎማዎች። ጊዜ ወስደው፣ እያገላበጡ፣ እያናገሯት ነው የሚያሹት። እኔ ከብት ያየሁ መስዬ ከግቢ እወጣለሁ። ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩት የንስሐ አባታችን ነገሩን ስናዘዝላቸው «ይዘኸው ኑር፣ ልጄ» አሉኝ።

ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ እኔም እንጀራ ፍለጋ ባሕር ዳር ልወርድ ተነሣሁ። አባየ አልከለከሉኝም። የምሄድ ቀን ማለዳ ቢስክሌቷን ገፍተው አወጡልኝ። ከጆሮ እስከ ጅራት ታበራለች።

«ውሰዳት። በአደራ ነው የያዝኳት» አሉ።

እየገፋኋት ጋራው አናት ድረስ አብረውኝ ወጡ። መንገዴ በዚያው በወይራው ቁልቁለት በኩል ነበር። በእግሬ ልወርድ ስል ምርኩዛቸውን ተክለው ቆሙ።

«ለምን አትቀመጥባትም?»

«ጠፍቶኛል አባየ፤ ከነዳሁ ቆይቻለሁ።»

«እሱ ሲያስተምርህ አይቻለሁ» አሉ። «ዘንድሮ ምንም አልቀረኝም፤ ሁሉንም አጠጥቻለሁ። የሱን መንገድ ጨርስልኝና ልይ። ሳላይ አልሙት።»

እሳቸው ቆመው ይጠብቁኛል። ተቀመጥኩ። እግሬ ላይ የነበረው ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶ ነው፤ ገና ከመነሻዬ ሁለቱንም እግሬን መሬት ላይ ተከልኩና እየጎተትኩ ለቀቅኋት። ፍሬኑን ብጨብጠው እንደጠበቅሁት ምንም አልያዘም። በረባሶው ጠጠሩን እያረሰ ይጮሃል፣ ጭሱ ይሸተኛል፣ ጭኔ ሊገነጠል ደረሰ፤ እሷ ግን ትፈጥናለች። መጠምዘዣው ሲመጣ ወደ ግራ ጣልኳት እንጂ አልጠመዘዝኳትም። ከመንገዱ በላይ ባለው እርሻ ውስጥ፣ ከአባየ ዓይን ውጭ፣ በደረቴ ተዘረጋሁ።

አፌ አፈር ሞልቶ ሳለ ጩኸታቸው ከላይ እያስተጋባ መጣ። ሰው አጠገባቸው የለም፤ ለራሳቸው ነው የሚናገሩት። «አለፈ። አለፈ። ተመስገን፣ አለፈ።» ከዚያ ሲያለቅሱ ሰማሁ። ለደሳለኝ ቀብር ያላለቀሱት ሁሉ ያን ጊዜ ወጣ።

ከታች ወንዙ ላይ ብረቱን በአሸዋና በእንዶድ አጠብኩት። ፍሬኑ እስኪይዝ ድረስ እያጠብኩ ዋልኩ። ባሕር ዳር የገባሁት በዚያች ቢስክሌት ነው፤ ሥራ የጀመርኩትም በእሷ ነው፤ ልጆቼን ያሳደግሁትም በዚያው ሙያ ነው። አባየ ጥቂት ዓመታት ቆይተው አረፉ። ሊሞቱ ሲሉ አጠገባቸው የነበሩ ጎረቤቶች እንደነገሩኝ «የኋለኛውን በደንብ አጠጣሁት፤ ትንሹን አሳለፈልኝ» ይሉ ነበር። አልሰሙም።

ሰላማዊት ትናንት ከጋይንት ደወለችልኝ። ደኅና ገብተዋል፤ ጉና ላይ ብርዱ አንገላቷቸዋል፣ ጓንቱ ጠቅሟታል። ያደርንበት ቤት ሰዎች በጣም ጥሩ ናቸው አለችኝ፤ ሽማግሌው ጠዋት ማልደው ተነሥተው ቢስክሌቷን ከአቧራው ሲወለውሉላት አግኝታቸዋለች።

ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ።

«በምን?» አልኳት። «በምንድን ነው የወለወሉልሽ?»

«በጨርቅ ነዋ፣ ጋሽ ውብሸት» አለች። «በደረቅ ጨርቅ።»

«አመስግኛቸው» አልኳት። «ሳትነሺ ግን ጠርዙን በጣትሽ ዳስሺና አሽቺው። እሳቸው ሳያዩሽ።»