የአራተኛዋ አስራ ስድስት ገጽ

እዚያ ማተሚያ ቤት ሰው በስሙ አይጠራም። ስም ለመታወቂያ ነው። መጠረዣው ክፍል ውስጥ ረጅሙን ጠረጴዛ ከበው የሚቆሙት ሰባት ሴቶች የሚጠሩት በያዙት ፎርማ ነው። ፎርማ ማለት አንድ ትልቅ ወረቀት ነው፤ አስራ ስድስት ገጽ ይታተምበትና ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ የመጽሐፍ ቁራጭ ይሆናል። አንዷ አንደኛውን ስታጥፍ ትውላለች፣ ሌላዋ ሁለተኛውን፣ እንዲህ እያለ እስከ ሰባተኛው። የኛዋ አራተኛዋ ናት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አራተኛ። የሰፈር ልጆች ሳይቀሩ "እትዬ አራተኛ" ይሏታል፤ ሦስት ታላላቅ ያሏት እየመሰላቸው።

የዚህ ሥራ ጉዱ ምን መሰላችሁ? አራተኛዋ ይሄን ሁሉ ዘመን መጽሐፍ ስትሰራ ኖራ አንዱንም ከጫፍ እስከ ጫፍ አታውቀውም። የምታውቀው መሀሉን ነው፤ ከገጽ አርባ ዘጠኝ እስከ ስልሳ አራት። ሰውዬው ሲያገባ አላየችም፣ ሲፋታ ግን አይታለች። ሌባው ምን እንደሰረቀ አታውቅም፣ ሲሮጥ ግን አብራው ሮጣለች።

ሌላ መጽሐፍ ከሆነ ግድ የላትም። የሕግ ይሁን የሂሳብ አጥፋ ትወረውረዋለች። "ቁንጫና ጉንዳን" ሲመጣ ግን ክፍሉ በሙሉ ይነቃል። ለልጆች በምዕራፍ በምዕራፍ የተጻፈ ነው፤ በዓመት ሁለቴ አዲስ ቁጥር ይወጣለታል። ሻለቃ ቁንጫ ጭምብሏን አጥልቃ በአንድ ዝላይ ከተማውን ትሻገራለች። እመት ጉንዳን ደግሞ የተገለበጠ አውቶቡስ ከነተሳፋሪው ብድግ አድርጋ ታቆመውና "ወይኔ ወገቤ!" ትላለች። ጠላታቸው ብል ነው፤ የተማሪ ዩኒፎርም እየበላ ልጁን ሁሉ ራቁቱን ሊያስቀር የተነሳ ቦርጫም ብል።

በምሳ ሰዓት ሰባቱ ክብ ሰርተው ይቀመጡና እያንዳንዷ የራሷን አስራ ስድስት ገጽ ታወራለች። አንደኛዋ ትጀምራለች፣ ሁለተኛዋ ትቀበላለች። አራተኛዋ ጋ ሲደርስ ጋሼ ሙጫም፣ የመጽሐፍ ጀርባ በሙጫ የሚለጥፉት ሽማግሌ፣ ብሩሻቸውን አስቀምጠው ይመጣሉ። ማስመሰል ታውቅበታለቻ! ብሉን ስትሆን ጉንጯ ተነፍቶ፣ አገጯ ተደርቦ፣ "ይህቺ ኮሌታ ጨው ይጎድላታል" ስትል የክፍሉ ሴት እንባውን ይጠርጋል።

መጨረሻው ግን የሰባተኛ ነበር። ሰባተኛ ድምጿ ዝግ ያለ ነው፣ አትቸኩልም። እመት ጉንዳንን ሆና ስትናገር ሰው ጉንዳን መሆን ያምረዋል። ከአራተኛዋ ጋር በአንድ ቀን ተቀጥረው፣ አንድ ክፍል ተከራይተው ስድስት ዓመት አብረው ኖረዋል። ጠዋት ቀድማ አውቶቡስ ውስጥ የገባች ለሌላዋ ቦርሳዋን ወንበር ላይ ታስቀምጣለች። በቃ፣ እንዲህ ነበሩ።

ከዚያ ሰባተኛ አንድ ልብስ ሰፊ አገባች። ደግ ሰው ነው፣ ሐሜት የለውም። ብቻ አንድ ነገር ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን ሦስት ጊዜ ይጠርጋል። "እህም። እህም። እህም። ደህና ዋላችሁ?" እስኪል ሰላምታው ይቀዘቅዛል። ሰባተኛ ሥራዋን የለቀቀች ቀን ሴቶቹ ሊሸኟት ሲሰበሰቡ አራተኛዋ ወንበር ላይ ወጣች፤ የወረቀት ቅዳጅ እንደ ሜትር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ሙሽራው ፍቅሩን ሲገልጽ አሳየቻቸው።

"እህም። እህም። እህም። የኔ እመቤት... እህም... ወገብሽ ስንት ነው?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ሙጫ እንኳ ጠረጴዛ ደገፍ አሉ። ሰባተኛ አልሳቀችም። ቦርሳዋን አነሳች።

"አንቺ ለሳቅ ስትዪ እናትሽንም ትሸጫለሽ" አለችና ወጣች።

አራተኛዋ ወንበሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ያሰበችው "አትሂጂብኝ" ለማለት ነበር። አፏ ግን ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም፤ በለመደው ሄደ።

ይኸው ዓመት ሆነው። ሰባተኛውን ፎርማ አንዲት ወጣት ተረከበችውና በገባች በሰዓቷ "ሰባተኛ" ተባለች። ስሙም እንደ ወንበሩ ተላለፈ። ከአራተኛዋ አፍ ግን ስሙ አልወጣም፤ "አንቺ ልጅ" ነው የምትላት። ልጅቷ መጨረሻውን ስትናገር ደግሞ እንደ ታክሲ ረዳት ናት፤ "ብሉ ተያዘ፣ ልጆቹ ለበሱ፣ አለቀ፣ ወራጅ!" አራተኛዋ ተራው ወደዚያ ሲጠጋ እጇን ልትታጠብ ወደ ቧንቧው ትሄዳለች። ንጹሕ እጅ ታጥባ ትመለሳለች። አውቶቡስ ውስጥ ሳታስበው ቦርሳዋን አጠገቧ ታስቀምጥና አንዱ ይጮህባታል፦ "እህት፣ ቦርሳሽም ትኬት ቆርጣለች እንዴ?" ታነሳዋለች። በነጋታው ደግማ ታስቀምጠዋለች።

የ"ቁንጫና ጉንዳን" ቁጥር አስራ ሁለት ሲመጣ ነገሩ ባሰ። አራተኛው ፎርማ ላይ ሁለቱ ይጣላሉ። ቁንጫ፣ ነፍሳት ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ ጉንዳኗን "አንቺ ዕቃ ከመሸከም ሌላ ምን ታውቂያለሽ?" ትላታለች። ጉንዳኗ አንድ ቃል ሳትመልስ ወንዙን ተሻግራ ትሄዳለች። ገጽ ስልሳ አራት ላይ ሻለቃ ቁንጫ ብቻዋን እዚያው በቆመችበት ስትዘል ትታያለች፣ ወዴትም ሳትሄድ።

"ይሄ ደራሲ የሚባለው ሰውዬ ማን ነግሮት ነው?" አለች አራተኛዋ። 

ሦስት ሺህ ቅጂ ነበር የታዘዘው። ሦስት ሺህ ጊዜ ጉንዳኗ እጇ ላይ ትታት ሄደች።

ትመለሳለች ወይስ አትመለስም? ሰባተኛው ፎርማ ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ ተቆልሏል፤ እጅ ዘርግቶ ማንሳት ነው። እሷ ግን በራሷ ዓይን ማንበብም ሆነ ከዚያች ከታክሲ ረዳቷ ልጅ አፍ መስማት አልሆንልሽ አላት። አርብ ዕለት ጋሼ ሙጫ ጋ ሄደች።

"ጋሼ፣ ከሰባተኛው ብላሽ አንድ ወረቀት ልውሰድ?"

"ምን ሊሰራልሽ?"

"ሊነበብ።"

"እዚሁ አንብቢዋ፣ ዓይን የለሽም?"

"እኔ አይደለሁማ የማነበው።"

ሽማግሌው ሙጫ የጠጣ ጣታቸውን እያሻሹ ትንሽ አዩዋት። ከዚያ ጠርዙ ላይ ቀለም የፈሰሰበትን አንድ ወረቀት መዘው ጠቀለሉላት። "ሰላም በይልኝ" አሉ። ለማን እንደሆነ አልጠየቁም።

እሁድ ሁለት አውቶቡስ ቀያይራ ልብስ ሰፊው ቤት ደረሰች። ፊት ለፊት ሱቅ፣ ከመጋረጃው ጀርባ መኖሪያ። ሰውየው ከስፌት መኪናው ላይ ቀና አለ።

"እህም። እህም። እህም። እንኳን ደህና መጣሽ።"

አራተኛዋን ልታስመስለው ጉሮሮዋን በላት። ዋጥ አደረገችው።

ሰባተኛ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ቁልፍ ስትተክል ነበር፤ መርፌው ደረቷ ላይ ተሰክቷል።

"ዛሬ ደግሞ ምን እግር ጣለሽ?"

"ቁጥር አስራ ሁለት ወጣ።"

"ይውጣ።"

"ተጣሉ።"

 ሰባተኛ እጇን ዘረጋች። ወረቀቱን ስትፈታው ግማሹ ገጽ ቀጥ ብሏል፣ ግማሹ ተዘቅዝቋል። ሌላ ሰው ቢሆን ግራ ይገባው ነበር። እሷ ቁጭ አለች፤ ጉልበቷ ላይ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አጠፈችው፣ በጥፍሯ ዳመጠችው፣ ጠርዙን በባሏ መቀስ ከፈተችው። ዓመት ያልነካው እጅ ነው ብሎ የሚያምን የለም። ከዚያ ከደነችው።

"መሀሉን ሳልሰማ ከየት ልነሳ? ንገሪኝ።"

አራተኛዋ በቆመችበት ጀመረች። የነአንደኛን፣ የነሁለተኛን፣ የነሦስተኛን በጥድፊያ አለፈችው። የራሷ ጋ ስትደርስ ጉንጯን አልነፋችም፤ ድምጿንም አልለወጠችም። ጉባኤውን፣ ስድቡን፣ ወንዙን፣ ሁሉንም በገዛ ድምጿ ተናገረች።

"ከዚያ ጉንዳኗ ማዶ ስትደርስ" አለች፣ "ቁንጫዋ ወንዙ ዳር ቆማ ጮኸች። 'ጥፋቱ የኔ ነው! ትሄጃለሽ ብዬ ፈርቼ ነው እንጂ ላዋርድሽ አልነበረም!' አለች።"

መኪናው ቆመ። ልብስ ሰፊው ክር የሚፈልግ መሰለ።

"ቀጥዪ" አለች ሰባተኛ።

የነአምስተኛንና የነስድስተኛን በሁለት ቃል ጨረሰችው፤ ብሉ የትምህርት ቤቱን መጋረጃ በልቶ ባንዲራው ላይ ሊወጣ ነው። ሰባተኛ ወረቀቷን ገለጠችና እንደ ደብዳቤ፣ ድምጽ ሳትለውጥ ማንበብ ጀመረች።

"'ሻለቃ ቁንጫ ያን ቀን ስለተናገረችው ነገር እስከ ዛሬ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም ነበር...'"

ቆመች። መለስ ብላ በዓይኗ አነበበችው።

"እዚህ አልተነፈሰችም ነው የሚለው።"

"አውቃለሁ።"

"አንቺ ወንዝ ዳር ቆማ ጮኸች አላልሽኝም?"

"ብያለሁ።"

"ታዲያ ከየት አመጣሽው?"

አራተኛዋ የጫማዋን አፍንጫ አየች። 

ሰባተኛ ደረቷ ላይ የተሰካውን መርፌ ነቅላ መልሳ ሰካችው።

"ጉንዳኗስ ምን አለቻት?"

"እንጃ። የኔ ገጽ እዚያ ላይ አለቀ።"

ልብስ ሰፊው ጉሮሮውን ሁለቴ ጠረገ፤ ሦስተኛውን ግን ተወው፤ መናገሩም ቀረ። ሰባተኛ ወረቀቱን ስትደባብስ ቆየች።

"ትንሽ ታቆያታለች" አለች በመጨረሻ። "ጉንዳን እኮ በእግሯ ነው የምትመጣው። እንደ ቁንጫ አትዘልም።"

"ታቆያት" አለች አራተኛዋ። "እሷ ትጠብቃለች።"

ሰባተኛ አግዳሚው ላይ የተከመረውን ጨርቅ ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችላትና ንባቧን ቀጠለች። የእመት ጉንዳንን ድምጽ ግን ገና አላወጣችውም።