«ባለቤት ሆስፒታል ገብተዋል»

«ባለቤት» የሚለውን ቃል ስሰማ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ችግሩ በሥራዬ በቀን ሃምሳ ጊዜ የምሰማው ቃል መሆኑ ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ የቤት ደላላ ነበርኩ። የቤቱ ባለቤት ማን ነው፣ ባለቤቷ ለመሸጥ ቆርጠዋል ወይ፣ ባለቤት ካልፈረመ አይሆንም፤ ውሎዬ ይኸው ነበር። ቤቴ ስገባ የምትጠብቀኝ ሴትም በዚያው ቃል ነው የምትጠራው። ለሚስትም ለቤት ጌታም አንድ ስም መስጠት ጨዋነት ነው ይባላል። እኔን ግን አዋርዶኛል።

ነገሩ የሆነው ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት በተጠረነፈበት ዘመን ነው። ገበሬው ተጠረነፈ፣ አስተማሪው ተጠረነፈ፣ በመጨረሻ ተራው ደላላ ዘንድ ደረሰ። ከዚያ በፊት በየስብሰባው «ኪራይ ሰብሳቢ» እየተባልን የምንሰደብ ሰዎች ነበርን። ቤት እያከራየ የሚኖር ሰው ኪራይ ሰብሳቢ ሲባል ምን ብሎ ይከራከራል? አንድ ቀን ግን ተደራጁ ተባልን። መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተሰጠን፤ ጥቁር ሰሌዳ፣ አራት አግዳሚ ወንበርና ማኅተም ገባላት። ሰብሳቢም ተመረጠልን። «መረጥን» ሳይሆን «ተመረጠልን» ያልኩት አውቄ ነው።

ሰብሳቢያችን በሕይወቱ አንድ ቤት ሸጦ አያውቅም። ባሕር ዳር ሄዶ የሦስት ቀን ሥልጠና ወሰደና አንድ ደብተር ይዞ ተመለሰ፤ በዚያች ደብተር ዓመት ሙሉ ነዳን። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይሰበስበናል። «የሳምንቱ ስንቅ» ይለዋል። ከደብተሩ አንዲት ዐረፍተ ነገር መርጦ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፣ እኛ እንገለብጣለን፣ ከዚያ ስለ ሥራና ስለ ቤተሰብ ይመክረናል። እሑድን ለቤተሰብ ስጡ ይላል፤ የመንግሥት ሠራተኛው ቤት ለማየት የሚወጣው እሑድ መሆኑን ግን አያውቅም። ገበታ ላይ ስልክ አታንሱ ይላል፤ ያላነሳ ሰው ዓርብ ግምገማ ላይ «የተነሳሽነት ችግር አለበት» ተብሎ ይጻፍበታል። ሌሎቹ ከኋላ ወንበር ሆነው ያሾፋሉ፣ ያንቀላፋሉ። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ አምኜው ነበር።

ራሴን ይቅር ማለት ያቃተኝም ለዚህ ነው። ደብተር ገዝቼ ስንቁን በየሳምንቱ በጥሩ እጅ ጽሑፍ አሰፍር ነበር። አንድ ሰኞ «ቤተሰብ የመጀመሪያው ደንበኛ ነው» የሚል ተጻፈ፤ ወስጄ ለሚስቴ አነበብኩላት። ሚስቴ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ የተማሪዎቿን ደብተር እያረመች ነበር።

«ደንበኛ ከሆንኩማ» አለችኝ ቀና ሳትል፣ «ሱቁ ሁልጊዜ ዝግ ነው። ሌላ ሱቅ ልሞክር።»

ሳቅኩ። ጨዋታ አዋቂ ሚስት አለችኝ ብዬ ሳቅኩ። ያን ሳቄን ሳስታውሰው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ያቺ ሰኞ ስትመጣ ሚስቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ አስወርዷት ስለነበር ሁለታችንም እየፈራን ነው የከረምነው፤ ፍርሃታችንን ግን አንነጋገርበትም። የዚያን ዕለት ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን ጫማዋ ውስጥ ለማስገባት ትታገላለች። እግሬ ጫማ እምቢ አለ አለችኝ። ቆየት ብላ ደግሞ «ቡሬ ዛሬ ካልተሄደ ትሸሻለች እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

የጎጃም ሰው «አትሂድ» አይልም። ባሏ የጎጃም ልጅ ነውና ይገባዋል ብላ ነው። እኔ ግን ቡሬ ያለው ቤት ዛሬ ውል እንደሚታሰር፣ ባለቤቷ ሽማግሌ ሴት ስለሆኑ ሐሳባቸውን ከቀየሩ የወር ልፋቴ ገደል እንደሚገባ አስረዳኋት። እያስረዳሁ ጫማዬን አሰርኩ። እሷ ክፍት ጫማ አጥልቃ ወደ ትምህርት ቤት ሄደች።

የዚያን ዕለት ስንቅ «ባለቤትን ማክበር የስኬት ቁልፍ ነው» የሚል ነበር። ከኋላ አንዱ «የቱን ባለቤት?» ብሎ ጠየቀና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰብሳቢው ቀልድ አይወድም፤ ሁለቱንም፣ ግን በቅደም ተከተል አለ። የትኛዋ እንደምትቀድም ሳይነግረን ሰሌዳውን አጠፋ። እኔም «በቅደም ተከተል» ብዬ ጻፍኩ።

ቤቱን የሚገዙት በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል፣ ከመንገዱ አንድ ሰዓት በእግር ገባ ብለው የሚኖሩ የበርበሬ ገበሬ ነበሩ። ልጆቻቸው ለሁለተኛ ደረጃ ቡሬ ገብተው ቤት ተከራይተው ከሚንገላቱ የራሳቸው ጣራ ይኑራቸው ብለው ነው። ውል የሚያስረው ሰው ደጃፌ ድረስ መጥቶ ካልወሰደኝ አልሄድም ስላሉ ሄድኩላቸው። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ተዘጋጅተው ነበር። አብረን ወደ አስፋልቱ ስንመለስ፣ ስልክ የሚሠራው ጉብታው ላይ ብቻ ነበርና፣ እዚያ ስንደርስ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። ነፋሱ ያፏጫል፣ መስመሩ ይንኮሻኮሻል፣ ከወዲያ አንድ የሽማግሌ ድምፅ ይጣራል።

«ጌታው፣ ባለቤት… ሆስፒታል ገብተዋል። ቶሎ ይድረሱ።»

አሁን ሰውየው ያሉኝን አውቃለሁ። «ባለቤትዎ» ነው ያሉት። ያቺን «ዎ» ነፋሱ ወሰዳት፣ ወይም ጆሮዬ ዋጣት። ከዚያ ደግሞ «ገብተዋል» አሉ። እኔ ሚስቴን አንቺ ነው የምላት፤ ጎረቤቱም እናቷም አንቺ ነው የሚሏት፤ ማንም ስለ እሷ «ገብተዋል» ሲል ሰምቼ አላውቅም። «ገብተዋል» የሚባሉት የቡሬዋ ሴትዮ ናቸው። ስለዚህ ከአፌ የወጣው ይህ ነበር፤

«መፈረም ይችላሉ?»

 ከዚያ ድምፁ ግራ ተጋብቶ መጣ።

«ፊርማውንስ የሚፈልጉት ከእርስዎ ነው።»

መስመሩ ተቋረጠ።

ይህንን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን እጽፈዋለሁ። ደስ አለኝ። ሴትዮዋ ታመው ለመሸጥ ቸኩለዋል፣ ደላላው መጥቶ ያስፈርመን ብለዋል ብዬ አሰብኩ። የታመመ ሰው በዋጋ ብዙ አይከራከርም። ወደ ገበሬው ዞሬም እንደዚሁ ነገርኳቸው፤ ባለቤቷ ሆስፒታል ገብተዋል፣ አሁን ቶሎ ከደረስን ዋጋውን ዝቅ ማድረግ ይቻላል አልኳቸው።

እሳቸው ቆሙ። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አደረጉና ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ልጄ፣ መጀመሪያ እግዜር ይማራቸው አይባልም?»

ይባላል እንጂ፣ አልኳቸው። ሆስፒታል ሲባል የፍኖተ ሰላሙ ነው ብዬ፣ የቤቱን ካርታ ከቡሬ ከቤታቸው ይዘን ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል እንመለሳለን አልኩና መራኋቸው። ሚስቴ ከተኛችበት ሆስፒታል ጀርባዬን ሰጥቼ ወደ ቡሬ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ ያወራሁት ስለ ቤቱ ጣራ ቆርቆሮ ነበር።

ቡሬ ስንደርስ የቤቱ ባለቤት በረንዳቸው ላይ ሰሌን አንጥፈው በርበሬ ይቀነጥሳሉ። ሲያዩን መቀነታቸውን አጥብቀው ተነሡና ለገበሬው እጅ ነሱ። እኔ እንደ ቆምኩ ቀረሁ። እሜቴ፣ ሆስፒታል ገብተዋል ተብዬ ነው አልኳቸው።

«እኔ ደህና ነኝ፣ ምስጋን ለሱ» አሉኝ። ከዚያ በርበሬ የነካ እጃቸውን ከፊታቸው አርቀው ትክ ብለው አዩኝ። «የታመመችው የማን ባለቤት ናት፣ ልጄ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ወደ ተደወለልኝ ቁጥር መልሼ ደወልኩ፤ የሚስቴ ትምህርት ቤት ጸሐፊ አነሳች። እስካሁን አልመጣህም እንዴ ብላ ጮኸችብኝ። ክፍል ውስጥ እያስተማረች ደም እንደፈሰሳት፣ በባጃጅ አሳፍረው እንዳደረሷት፣ በእሷ ስልክ የደወሉልኝም የትምህርት ቤቱ ዘበኛ እንደነበሩ ነገረችኝ። ገበሬውንም ሴትዮዋንም፣ ካርታውንም ትቼ ወደ አስፋልቱ ሮጥኩ። ሚኒባሱ ማንኩሳ ላይ ሰው ለመጫን ሲቆም ረዳቱን ልደበድበው ምንም አልቀረኝም።

ሆስፒታል ስደርስ አሥር ሰዓት ሆኗል። በቀዶ ጥገና ተገላግላለች። ሴት ልጅ ናት፤ ትንሽ ናት፣ ግን ትተነፍሳለች። ነርሷ የፈቃድ ወረቀቱን አሳየችኝ። ጠብቀውኝ ጠብቀውኝ፣ ከዚህ በላይ መጠበቅ አይቻልም ሲባል ሌላ ሰው ፈርሟል። «የባለቤት ወይም የቅርብ ዘመድ ፊርማ» ይላል ወረቀቱ። በዚያ ላይ በመሠረተ ትምህርት የተማረ ሰው ትልልቅ ፊደል ተደርድሯል፤ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊበሳው ደርሷል። ቀጥሎ «ዝምድና» ይላል። ዘበኛው እውነተኛ ሰው ናቸው። «ዘበኛ» ብለው ጽፈዋል።

አግኝቻቸው እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዘው አነሱኝ። በስልክ ያልኳቸውን ለማንም አልተናገሩም፤ እኔ ነኝ ኋላ ለሚስቴ የነገርኳት። ባልነግራት ይሻለኝ ነበር እላለሁ አንዳንዴ። ግን ያንን ጥያቄዬን ከዘበኛው ጋር ብቻ ተካፍዬ መኖር አልቻልኩም።

ሚስቴ ከነቃች በኋላ ገባሁ። ከንፈሯ ደርቋል። አየችኝ።

«መጡ?» አለችኝ። «ይቀመጡ። ቤቱ ተሸጠ?»

በአምስት ዓመት ትዳር አንድም ቀን አንቱ ብላኝ አታውቅም ነበር። ሰድባኛለች፣ አኩርፋኛለች፣ አንድ ጊዜ ትራስ ወርውራብኛለች፤ ሁሉንም በአንተ። አሁን ለደንበኛ የሚሰጠውን አክብሮት ሰጠችኝ። ከሆስፒታል ወጥተን ቤታችን ከገባንም በኋላ «ይብሉ፣ ይጠጡ፣ ውሃውን ያቀብሉኝ» ትለኝ ነበር። ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ ጨዋነት መስሎት አደነቀላት። እኔ ግን በእያንዳንዱ አንቱታ ጉብታው ላይ ተመልሼ እቆም ነበር።

ሁለት ሰኞ ቀረሁ። በሦስተኛው ካልመጣህ ከመዝገብ ትሰረዛለህ የሚል መልእክት ስለደረሰኝ ሄድኩ። ገበሬውና ሴትዮዋ በሌላ ደላላ በኩል ተስማምተው ውላቸውን አስረዋል፤ ሰብሳቢው ግን ታሪኩን በራሱ መንገድ አሰናድቶት ጠበቀኝ። ሰሌዳው ላይ «ባለቤቱ ሆስፒታል ተኝታ ሥራውን ያላቋረጠ» ብሎ ጽፏል። የሳምንቱ ስንቅ እኔ ነኝ። ተነሥ አለኝ፤ ጓዶች፣ እናጨብጭብለት አለ።

አጨበጨቡ። የሚያሾፉት የኋላ ወንበር ሰዎች ሳይቀሩ አጨበጨቡ።

እኔ በሰባት ወር የወለደች ሴት ባል ነኝ። ልጄ በጨርቅ ላይ ጨርቅ ተጠቅልላ ቤቴ ተኝታለች፤ እናቷ አንቱ ትለኛለች፤ እነዚህ ያጨበጭባሉ። ወደ ሰሌዳው ሄድኩና በኮቴ እጅጌ አጠፋሁት።

«እኔ የፈረምኩት ምንም ነገር የለም» አልኳቸው። «የፈረሙት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ናቸው። ማጨብጨብ ካማራችሁ ሂዱና ለሳቸው አጨብጭቡ።»

ሰብሳቢው ስሜታዊነት ነው፣ ግለኝነት ነው፣ ዓርብ በግምገማ ይታያል አለ። ደብተሬን እንደ ያዝኩ መሆኔን ያየሁት ያኔ ነው፤ ያ ሁሉ ስንቅ በጥሩ እጅ ጽሑፍ የሰፈረበትን። አግዳሚው ላይ ጥዬላቸው ወጣሁ። ተከትሎኝ የመጣ የለም።

ቤት ስገባ ገና አራት ሰዓት አልሞላም። ሚስቴ ፀሐይ የገባበት መስኮት ሥር ልጅቷን ታቅፋ ተቀምጣለች። ጠመኔ የነካ እጅጌዬን አየች።

«ዛሬ ሰኞ አይደለም እንዴ? ምን ረስተው ተመለሱ?» አለችኝ።

ከእንግዲህ ሰኞ እንደማልሄድ ነገርኳት። ስለ ጭብጨባው፣ ስለ ሰሌዳው፣ ስለ ዘበኛው ያልኩትን ነገርኳት። ይቅር በይኝ አልኳት። አላባበለችኝም። ልጅቷን ወደ እኔ ዘረጋቻት። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ጊዜ አውጥታ ሰጥታኝ አታውቅም ነበር።

ተቀበልኳት። ምንም የማትመዝን ነገር ናት፤ ጭንቅላቷ ክንዴ ላይ ወደ ኋላ ዘመም አለ።

«አንተ ደንቆሮ» አለችኝ ሚስቴ፣ «አንገቷን ደግፍ እንጂ።»