ቂም ይዤ ያጠናሁት ምዕራፍ

ባዮሎጂን የተማርኩት በቂም ነው። ይህን ስጽፍ አላፍርም።

ከአገር ወጥቼ አንደኛ ዓመት ኮሌጅ እንደገባሁ፣ ሬኒየር ቫሊ በሚባል ሰፈር ባለው ቤተ መጻሕፍት ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው የሚያጠኑ አምስት የሀበሻ ልጆች ተቀበሉኝ። ደስ እንዲላቸው ብዬ የሳምንቱን ምዕራፍ ከነነጠላ ሰረዙ ሸምድጄ ሄድኩ። አዲስ አበባ የተማርኩት እንዲህ ነው፤ ከአስተማሪው ኖት አንዲት ቃል ከለወጥን ማርክ ይቀነስብን ነበር። ተራዬ ሲደርስ ስለ ሴል ሽፋን አንድ ገጽ ሙሉ ሳልተነፍስ ወረድኩት።

ቡድኑን የሚመራው፣ እዚህ ያደገ ልጅ ነው። አገጩን ይዞ ሰማኝና፣ «ኦኬ፣ ሶ ምን ማለት ነው?» አለኝ።

ከመጀመሪያው ጀመርኩለት።

«ኖ፣ ኖ! ኤክስፕሌይን አድርጊ እንጂ ፕሪንት አድርጊ አላልኩሽም።»

«ወረቀት እንዳያልቅባት!» አለች አንዷ። ሁሉም ሳቁ። እኔም እንዳላስከፋቸው አብሬ ሳቅሁ፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ሳቄ ነው። በባቡር ስመለስ ማልኩ፤ ከሚድተርም ፈተናው በፊት፣ በዚያው ጠረጴዛ፣ በእነዚያው ልጆች ፊት ያንን መሪ መልስ አሳጣዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ገጽ አነብና መጽሐፉን ዘግቼ አብሬያት ለምኖረው አክስቴ በአማርኛ አስረዳት ጀመር። አክስቴ አረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው። ሳይንስ አልተማረችም፤ ያልገባትን ግን አታሳልፍም።

«ውሃ በሽፋኑ አልፎ ጨው ወደበዛበት ይሄዳል» አልኳት፣ ለቋንጣ ሥጋ ስትዘለዝል።

«ለምን ይሄዳል? ማን ጠራው?»

ጥያቄዋን ወረቀት ላይ ጽፌ፣ የጥያቄውን መልስ ብቻ ፍለጋ ወደ ገጹ ተመለስኩ። ለካ ጨው በበዛበት በኩል ውሃው ራሱ አነስተኛ ነው፤ ብዙ ካለበት ወደ ጥቂት ያልፋል። ስነግራት ሥጋው ላይ ጨው ነሰነሰችና፣ «ታዲያ ሥጋው ውሃ የሚተፋው ለዚህ ነዋ! እኔን ሳትጠይቂ መጽሐፍ ትገዣለሽ» አለችኝ።

በማግስቱም፣ ከሦስት ቀን በኋላም፣ መጽሐፉን ሳልከፍት ጥያቄዎቿን እመልሳለሁ። እንደገና የማነበው ያቃተኝን ብቻ ነው። ሲሰለቸኝ የልጁን ፊት አስባለሁ፤ ይነቃቃኛል።

ከፈተናው በፊት ባለው ቅዳሜ ልጁ፣ ቀይ የደም ሴል ንጹህ ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደሚፈነዳ አስረዳን። በትሕትና እጄን አወጣሁ።

«ለምን ይፈነዳል?»

«ውሃ ስለሚገባበት።»

«ለምን ይገባበታል?»

«ኦስሞሲስ ነዋ!» የውሃውን በሽፋን ማለፍ በስሙ ጠራው።

«እሱስ ለምን ይሆናል?»

ላፕቶፑ ላይ ገጹን ወደ ላይ ወደ ታች አደረገ። ጆሮው ቀላ። «ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም» አለ።

«ግን ብታስረዳን?» አለች ያቺው ስለ ወረቀት የቀለደችው ልጅ።

ላፕቶፑን ዘጋው። እኔ ከአክስቴ ቋንጣ ተነስቼ እስከ ደም ሴሉ ድረስ አስረዳኋቸው። ሁሉም ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ። እሱም ደብተሩን አወጣ።

«ሶሪ፣ አንዴ ትደግሚልኛለሽ?» አለኝ በቀስታ።

«የቱ ጋ ነው ያልገባህ?» አልኩት፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ።