በካሽ የተገዛ መጋረጃ

አትላንታ አጠገብ፣ ሊቶኒያ ያለው የመጋረጃና የፈርኒቸር ሱቃችን የሚሸጠው በካሽ ብቻ ነው። ሌላው ደንበኛ ይህን ሲሰማ ፊቱን ያጠቁራል፤ የአንዲት ደንበኛችን ግን ይፈታል። ካሽ ስም አይጠይቅማ። በጁላይ ሙቀት እንኳ ረጅም እጅጌ ነው የምትለብሰው። ብሯ ደግሞ ፍሪዘር ውስጥ የከረመ ይመስል ጣት ያደነዝዛል። አንዴ ጠረጴዛ ገዝታ «ዴሊቨር እናድርግልሽ?» ብላት፣ «ኧረ ሰው እንዳይመጣብን!» ብላ ደነገጠች። እኔ ብቻዋን የምትኖር ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ቢጫ አበባ ያለበት መጋረጃ መረጠች።

«መስኮቱ ስንት ኢንች ነው፣ እህቴ?» አልኳት።

«መስኮት የለውም። ቤዝመንት ነው።»

«ታዲያ መጋረጃው ምን ያደርግልሻል?»

ወደ በሩ ዞር ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከኋላው መስኮት ያለ ይመስላታል።»

መጋረጃውን ጠቅልዬ ስሰጣት፣ በተረፋት ብር ልትገዛ አንዲት የሕፃን ወንበር ከጥግ አነሳች። የወንበሯን እግሮች አገላብጣ አየቻቸው፤ በመዳፏም ዳበሰቻቸው።

«ወለል ላይ ስትጎተት ድምፅ አታሰማም፣ አይደል?» አለችኝ።