ኩፍ አልል ያለው ሊጥ

አክስቴ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ አጽድታለች። ወለል ስትወለውል፣ ብልቃጥ ስታጥብ፣ በአንድ ጆሮዋ መምህራኑን ስትሰማ ኖራ ጡረታ ስትወጣ፣ በራሷ አስተያየት ሳይንቲስት ሆና ወጣች። የቀራት ወረቀቱ ብቻ ነው። እኛ ቤት «ፕሮፌሰሯ» እንላታለን፤ ቀልድ መሆኑን እያወቀች አቤት ትላለች።

ጡረታ እንደወጣች የአባቴን ዳቦ ቤት ልርዳ ብላ መጣች፤ ቁጭ ብላ መብላት አትወድም። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ አመሻሽ ላይ ዕቃ ማጠቡን ተረከበች።

በዚያው ሰሞን ሊጡ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ኩፍ አልል አለ። ዳቦው ከምድጃ ሲወጣ የጫማ ሶል ነው። በእነዚህ ቀናት የሚያቦካው፣ ብዙ ስለማይናገር «ዝምታው» የምንለው አቡኪያችን ነው። በሌሎቹ ቀናት አባቴ ራሱ ያቦካል፤ የእሱ ዳቦ ደህና ነው፤ ይህንንም ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ይናገራል። ዝምታው አሥራ አንድ ዓመት ያለ አንድ ቅሬታ አቡክቷል። ግን የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ ጋጋሪው እጁ ተበላሽቷል አለ፤ ሻጯም ድሮውንም እጁ አላማረኝም አለች። እሱ አልተከራከረም። ሚስቱ ገና መውለዷ ነው፤ ሥራ የሚያጣበት ጊዜ አልነበረም። አባቴ ግን ስድስት ሳምንት ከታገሠ በኋላ ሌላ አቡኪ ልቀጥር ነው አለ።

«ሁለት ሳምንት ስጠኝ» አለችው አክስቴ። «በግምት ሰው አይባረርም።»

ደብተር ገዛች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ጥርጣሬ አንድ፦ የዝምታው እጅ» ብላ ጻፈች። ይህ ሰውዬውን ያስቀይማል ብላት፣ ጥርጣሬ ስድብ ሳይሆን የሚፈተሽ ነገር ነው ብላ ገሠጸችኝ። ደንቧ አጭር ነው፤ በአንድ ቀን የሚቀየረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁለት ነገር ከቀየርሽ የትኛው እንደሠራ አታውቂም።

መጀመሪያ ዝምታውና አባቴ ቀን እንዲለዋወጡ ፈለገች። ዝምታው እምቢ አለ። ደህናውን ቀን አላበላሽም ነው ያለው። አክስቴ ደብተሩ ላይ «ግትር» ብላ ጻፈች፤ ይህ እንኳ ሳይንስ አይደለም።

ማክሰኞ ዱቄቱን ቀየረች፤ ሶል። ሐሙስ ውኃውን አፍልታ አቀዘቀዘች፤ ሶል። ቅዳሜ ከእርሾው ቆንጥራ ለብ ያለ ውኃና ስኳር ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ፈተነችው፤ በአሥር ደቂቃ አረፋው ብርጭቆውን ሞላ። በዚያው እርሾ የተቦካው ሊጥ ግን ንቅንቅ አላለም። አባቴ በየጠዋቱ ስንት ቀን እንደቀራት ያስታውሳታል፤ ወንድም ለዚህ ጊዜ ነው።

እሑድ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር አነበበች። አሥራ ሦስት ገጽ ነው። ዱቄት የገለበጠው፣ ውኃ የቀዳው፣ ምድጃ የለኮሰው ሁሉ ተጽፏል። የእሷ ሥራ ብቻ የለም። ደብተሩን ቀስ ብላ ዘጋች፤ ፊቷን ሳየው ፈራሁ።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ማታ ካጠበቻቸው ሁለት የሊጥ ገንዳዎች አንዱን ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውኃ አለቀለቀች፤ ሌላውን እንዳደረ ተወችው። ዝምታው በሁለቱም አቦካ፤ ያው ዱቄት፣ ያው እርሾ፣ ያው እጅ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ያልተነገረው አባቴ ጨርቁን ገለጠ። የግራው ኩፍ ብሏል፤ የቀኙ ሞቷል አለ። ሐሙስ ገንዳዎቹን አለዋውጣ ደገመችው። አሁንም የሞተው ያልተለቀለቀው ነው።

ሁላችንንም ሰበሰበችና ቆማ ተናገረች። ቤተ ሙከራ ውስጥ በበረኪና ይታጠባል፤ ምንም ነፍስ ያለው ነገር እንዳይተርፍ ሳይለቀለቅ እንዲደርቅ ይተዋል። እዚህም ገንዳዎቹን የምታጥበው እንደዚያው ነበር። እርሾ ደግሞ ነፍስ ያለው ነገር ነው።

«ሁላችሁንም ስቆጥር ራሴን ረሳሁ» አለች። «ዳቦውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ዝምታው፣ ይቅርታ አድርግልኝ።»

ዝምታው ደብተሩን ተቀብሎ የመጀመሪያውን ገጽ አየ፤ የመጨረሻውንም አየ።

«እጄ አይደለም ማለት ነው፣ እትዬ?»

«አይደለም።»

«ልጄ ሰባት ሳምንቷ ነው» አለ። «እሷንም እንዳላበላሽ ብዬ እስካሁን አልታቀፍኳትም።»

አባቴ እጅጌውን ሰብስቦ ወደ ገንዳው ሄደና የቀረውን እኔ አቦካለሁ፣ አንተ ቤትህ ግባ አለው። ዝምታው ሽርጡን ሳይፈታ፣ እጁን ሳይታጠብ ወጣ።